የሳይክል አግዳሚ ለማን ያስፈልጋል?

ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ሳይክል ሊገዛ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ለወንድ ነው ለሴት?» ተብሎ ነው። «ለወንድ» ካለ ከመሪው ሥር ተነስቶ እስከ ኮርቻው ሥር የተጋደመ ብረት፣ ማለትም አግዳሚ፣ ያለው ሳይክል ተጎትቶ ይወጣለታል። «ለሴት» ካለ ብረቱ ወደ ታች የወረደ፣ እግርን ከፍ ሳያደርጉ በመሃሉ የሚያልፉበት ይመጣለታል። ገዢው ቀለሙን ያያል፤ ደወሉን ያቃጭላል፤ ጎማውን በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ በዋጋ ይከራከራል። የአግዳሚውን ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሚያነሳው የለም።

ፆታ ለዚህ ምርጫ ደካማ መመሪያ ነው። የሚጠቅመው ሳይክሉ ምን ሊጭን እንደሆነ፣ በምን ልብስ እንደሚነዳ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ፣ ቤት ውስጥም ስንት ሰው እንደሚጋራው ማሰብ ነው። እነዚህን አስቦ የሚመርጥ ሰው፣ ወንድም ቢሆን፣ በከተሞቻችን ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለውን ይዞ ይወጣል ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱን ከብረቱ ልጀምር።

ሦስት ማዕዘን ለምን ይጠነክራል?

ጠጋኞች የሳይክሉን የብረት አካል ቴላዮ ይሉታል። ጎማ፣ ካቴና፣ ፔዳል፣ ኮርቻ ሁሉም ይለወጣል። ቴላዮ አይለወጥም፤ እሱ ከተሰበረ ሳይክሉ ራሱ አለቀ ማለት ነው።

የሦስት ማዕዘንን ጥንካሬ ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ የማስረዳው በሦስት የባሕር ዛፍ ጭራሮ ነው። ጫፍና ጫፋቸውን በሲባጎ አስራችሁ ሦስት ማዕዘን ሥሩና ማዕዘኑን ለማጣመም ሞክሩ። እንጨቱ ካልተሰበረ ወይም ሲባጎው ካልተፈታ ቅርጹ አይለወጥም። አንድ ጭራሮ ጨምራችሁ አራት ማዕዘን አድርጉት፤ በጣት ስትገፉት ወደ አንድ ጎን ይተኛል። አግዳሚ ያለው ሳይክል በአብዛኛው በሁለት ሦስት ማዕዘን የተሠራ ነው፤ አንዱ ከኮርቻው ፊት ለፊት፣ ሌላው ከኮርቻው ጀርባ እስከ ኋላ ጎማ። የፊተኛው እንደ ጭራሮው ፍጹም ሦስት ማዕዘን አይደለም፣ መሪው የሚያልፍበት አጭር ቱቦ አራተኛ ጎን ይሆናል፤ ቢሆንም ለሥራው በጣም ይቀርባል። ሰው ኮርቻ ላይ ሲቀመጥ የላይኛው ብረት ይጨመቃል፣ የታችኛው ይሳባል። ብረት ደግሞ ሲጨምቁትና ሲስቡት ብዙ ይችላል።

አግዳሚው ሲወጣ ይህ የሥራ ክፍፍል ይፈርሳል። የመሪውን ክፍል ከኋላው ክፍል ጋር የሚያያይዘው የታችኛው ብረት ብቻ ይሆናል፤ ወይም ተቀራርበው ወደ ታች የወረዱ ሁለት ብረቶች። አሁን ብረቱ መጨመቅና መሳብ ብቻ አይበቃውም፤ ይታጠፋል፣ ይጠመዘዛልም። ብረትን የሚያደክመው ይኸኛው ነው።

ፋብሪካዎች መልሱን ያውቁታል። ግድግዳው ስስ የሆነ ቱቦ፣ የብረቱ ውፍረት ሳይቀየር የዙሪያው ስፋት በእጥፍ ቢያድግ፣ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ለመታጠፍና ለመጠምዘዝ የሚያሳየው እምቢታ ግን ስምንት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ደህና ተደርጎ የተሠራ ዝቅ ያለ ሳይክል የታችኛው ብረቱ ክንድ የሚያክለው ለዚህ ነው። ርካሹ ላይ ግን ከባለአግዳሚው የተወሰደው ቀጭን ብረት እንዳለ ይቀመጣል፤ አግዳሚው ወጥቶ ምንም አልተተካለትም። ሁለቱ ዝቅ ያሉ ሳይክሎች ከሩቅ መንታ ይመስላሉ፤ በጥንካሬ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ዝቅ ያለው ከየት መጣ?

ጆን ኬምፕ ስታርሊ የተባለ እንግሊዛዊ በኮቨንትሪ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1885 ሮቨር የተባለውን ሳይክል ሠራ። በመጠን የሚቀራረቡ ሁለት ጎማዎች፣ የኋላውን የሚያዞር ካቴና፤ ዛሬ የምንነዳው ሳይክል አባት እሱ ነው። ብዙም ሳይቆይ አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ሴቶች መንዳት ፈለጉ። የዘመኑ ቀሚስ መሬት ጠራጊ ስለነበር አግዳሚውን ማለፍ አይችልም ነበር፤ ፋብሪካዎቹ አግዳሚውን ወደ ታች አወረዱት፣ ካቴናውን ሸፈኑት፣ የኋላ ጎማውንም ቀሚስ እንዳይበላ በክር መረብ ጋረዱት። ያኔ የተፈታው ችግር የልብስ ችግር ነበር።

አኒ ለንደንደሪ የተባለችው የቦስተን ነዋሪ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ዓለምን በሳይክል ልትዞር ተነሳች። ስትነሳ ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ 19 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ዝቅ ያለ የሴት ሳይክል ላይ ነበረች። ቺካጎ ስትደርስ ሳይክሏን የዚያን ግማሽ በሚመዝን ባለአግዳሚ የወንድ ሳይክል ለወጠች፤ ቀሚሱንም በሰፊ ሱሪ። ልብሱ ሲለወጥ ሳይክሉ አብሮ ተለወጠ፤ ሴትነቷ ግን አልተለወጠም። ይህን ታሪክ የምወደው ክርክሩን ስለሚያሳጥርልኝ ነው።

በሌላ በኩል ኔዘርላንድስ ሂዱ፤ ከረባት ያሰረ ወንድ ዝቅ ባለው ሳይክል ወደ ቢሮው ሲሄድ ዘወር ብሎ የሚያየው የለም። ውድድር ሌላ ነገር ነው። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሳተፍ ሜልቦርን ላይ 24ኛ የወጣው ገረመው ደንቦባ የነዳው ባለአግዳሚ ነበር፤ የዛሬው ዓለም አቀፍ የውድድር ሕግም ቴላዮው በሦስት ማዕዘን ላይ እንዲመሠረት ያዛል። እኛ ግን የምንገዛው ለገበያና ለትምህርት ቤት ነው።

ጭነት፦ ሁለቱም የሚፈተኑበት

በርበሬ ገዝቶ ሊመለስ የተዘጋጀ ሰው ልብ ብላችሁ እዩ። ጆንያውን ከኋላ መጫኛው ላይ አጋድሞ፣ ከአሮጌ ካላማዳሪያ በተቆረጠ ጎማ ወጥሮ አስሮታል። ጆንያው ከኮርቻው ከፍ ብሏል። ሳይክሉ ባለአግዳሚ ከሆነ እግሩን በኋላ በኩል አዙሮ መውጣት አይችልም፤ ጆንያው አጥር ሆኖበታል። የቀረው መንገድ ጉልበቱን እስከ ደረቱ አጥፎ ከፊት በኩል አግዳሚውን ማለፍ ነው። ለዚህ ደግሞ ሳይክሉን ወደ ራሱ ማዘንበል አለበት። ባዘነበለው ልክ ጆንያው ወደ መሬት ይጎትተዋል፤ አንድ እግሩ አየር ላይ ነው፤ ክብደቱን ሁሉ የያዘው በሁለት እጁና በአንድ ቁርጭምጭሚቱ ነው። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ጭነት ሲኖር ሳይክሉን ከድንጋይ ወይም ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ አስጠግተው የሚወጡት። መውረድም እንዲሁ ነው። ባጃጅ ድንገት ፊታቸው ቢቆም እግራቸውን መሬት ለማድረስ የሚኖራቸው ጊዜ አጭር ነው።

ዝቅ ባለው ሳይክል ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። ሳይክሉ ቀጥ እንዳለ አንድ እግር በመሃል ይገባል፣ ይቀመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ሲቆሙም እንደዚያው። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ከቀሚስም ይበልጣል።

ሲነዱት ግን ዝቅ ያለው ዕዳውን ያስከፍላል። ከኋላ የተጫነ ከባድ ነገር ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ አካሉ በመሃሉ ይጠመዘዛል፣ መጠምዘዙ እስከ መሪው ይደርሳል። ፍጥነት ሲጨምር፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ፣ መሪው በእጅ ውስጥ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። አንድ እጃችሁን ለቃችሁ ነጠላ ወይም ስልክ ለማስተካከል ስትሞክሩ ይብሳል። መፍትሔው ጭነቱን ከላይ ከመቆለል ለሁለት ከፍሎ በጎማው ግራና ቀኝ ዝቅ አድርጎ ማንጠልጠል፣ ከኋላው ጎማ እምብርት ወደ ኋላ እንዳያልፍ ወደ ኮርቻው ማስጠጋት፣ እንዳይላወስም አጥብቆ ማሰር ነው። ሁለት ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ግራና ቀኝ የተንጠለጠሉበት ዝቅ ያለ ሳይክል ከላይ 40 ኪሎ ከተቆለለበት ባለአግዳሚ የተሻለ ይታዘዛል። ጀሪካኖቹ ግን እስከ አፋቸው ይሞሉ፤ ጎደሎ ጀሪካን ውስጥ ውኃው ይማታል፣ ሳይክሉንም ይዞ ይማታል።

ባለአግዳሚው እዚህ ላይ የማይካድ ብልጫ አለው። የመሃሉ ሦስት ማዕዘን ራሱ የጭነት ቦታ ነው። ቋጠሮ፣ ማጭድ፣ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ብረቱ ላይ ይታሰራል፤ ክብደቱ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ስለሚያርፍ ሳይክሉን አያዛባውም። ቀኑን ሙሉ ዕቃ በማመላለስ የሚተዳደር፣ ከ50 ኪሎ በላይ እየጫነ ከገጠር ቀበሌ ከተማ የሚገባ ሰው አግዳሚ ያለውን ይግዛ። ለእሱ ሌላ አልመክርም።

ሰው መጫን

ሰው መጫን አይመከርም ብዬ ልለፈው ብል ማንም አይሰማኝም፤ ስለዚህ እንዴት እንደሚጎዳ ልናገር። አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ልጅ በነጂው ሁለት ክንዶች መካከል ስለሆነ የተጠበቀ ይመስላል። ነገር ግን እጁ መሪውን ስለሚይዝ መሪው በነፃነት አይዞርም፤ ፍሬን ሲያዝም መጀመሪያ የሚወረወረው እሱ ነው። ከኋላ መጫኛ ላይ የተቀመጠ ልጅ ደግሞ ተረከዙን በሚዞረው ጎማ ራጆች መካከል ያስገባል። ይህ የልጆች የሳይክል ጉዳት በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው፤ ቆዳውን ገፍፎ አጥንት ድረስ ሊደርስ ይችላል። ዝቅ ያለ ሳይክል ሰው የሚጫነው ከኋላ ብቻ ስለሆነ የእግር ማሳረፊያና የጎማ መከለያ አስገጥሙለት። ጠንካራ ላስቲክ ወይም ቆርቆሮ ቆርጦ በሽቦ ማሰር እንኳ ከምንም ይሻላል።

ልብስ

ቡታጅራ ገበያ ቆሞ የሚያይ ሰው ጅልባብና አባያ የለበሱ፣ ነጠላ የጣሉ፣ ረጅም ቀሚስ ያጠለቁ፣ ሱሪ የታጠቁ ሴቶችን በአንድ ጊዜ ያያል። ለሱሪ ሁለቱም ሳይክል እኩል ነው። ለቀሚስና ለጅልባብ ዝቅ ያለው ይመረጣል፤ ይህ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሽርጥ ለሚያሸርጡ ወንዶችም እንዲሁ ነው፤ ይህን ሻጮች ይረሱታል።

ማብራሪያ የሚያስፈልገው ሌላው ነው። ልብስን የሚይዘው አግዳሚው ብቻ አይደለም። ካቴናው ይይዛል፤ የኋላው ጎማ ይይዛል። ዝቅ ያለ ሳይክል ገዝታ ካቴናው ያልተሸፈነላት ሴት ከግማሽ በላይ ጥቅሙን አላገኘችም። የቀሚስ ጠርዝ በካቴናውና በጥርሱ መካከል ከገባ ፔዳሉ ይቆማል፤ ሳይክሉ ግን መሄዱን አያቆምም። የነጠላ ጫፍ ራጅ ውስጥ ከገባ ደግሞ የሚጎተተው አንገት ነው። ሙሉ የካቴና ሽፋን፣ ፓራፋንጎ፣ በኋላ ጎማው ላይኛ ክፍል ግራና ቀኝ መረብ፤ እነዚህ ሦስቱ ካሉ ልብስ አያሰጋም። ነጠላውን ወገብ ላይ አገልድሞ ማሰር እናቶቻችን ለሥራ ሲነሱ የሚያደርጉት ነውና አዲስ ትምህርት አይሆንም።

ስለ ሴት ልጅ የሚወራው

ይህን ርዕስ ልዝለለው ብዬ ነበር። ግን ሴት ልጁን ሳይክል የከለከለ አባት እውነተኛ ምክንያቱን ሲጠይቁት ብዙ ጊዜ ስለ መኪና አደጋ አያወራም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ድንግልና ያወራል።

አንደኛ፣ ለቴላዮ ምርጫ ይህ ወሬ ቦታ የለውም። በሁለቱም ሳይክል ላይ የሚቀመጡት ኮርቻ ላይ ነው፤ አግዳሚውን ሲነዱ የሚነካው የለም። ሁለተኛ፣ ወሬው ራሱ መሠረት የለውም። ያ ስስ ሽፋን ከሴት ሴት በቅርጹም በስፋቱም ይለያያል፣ አንዳንዷ ስትወለድም ያላት እዚህ ግባ የማይባል ነው፣ በእሱም የልጅቷን ታሪክ ማንበብ አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቋማት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም፣ ይቅርም ብለዋል።

የሴቶችን መብት ጉዳይ ይዛ ሸንጎ የቆመችው የቃቄ ወርድወት በተወለደችበት አገር አንዲት ተማሪ ትምህርት ቤት በእግሯ ትሂድ ወይስ በሳይክል የሚለው በሹክሹክታ መወሰኑ ያስቀኛል፤ ደስ የሚል ሳቅ ግን አይደለም።

በእርግጥ አግዳሚው ላይ የሚጎዳው ወንዱ ነው። ፍሬን በድንገት ይዞ ከኮርቻው ወደ ፊት የተንሸራተተ ልጅ ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ያውቀዋል። ቁመቱ የማይደርስበት ባለአግዳሚ ሳይክል የተሰጠው ልጅ ይህን ትምህርት በመጀመሪያው ሳምንት ይማራል።

መንገዱ

ቡታጅራ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከ3,700 ሜትር በላይ በሚወጣው በዘቢዳር ተራራ ግርጌ የተዘረጋች ናት። ከተማዋ ውስጥ ብዙው መንገድ ለሳይክል ለስላሳ ነው፤ ወደ ተራራው ካላቀናችሁ በቀር ጉልበት አይጨርስም። ለእንደዚህ ያለ ከተማ፣ አሥር ጊዜ ወርዶ አሥር ጊዜ ለሚወጣ ሰው፣ ዝቅ ያለውን የሚያህል የለም። ወልቂጤ ትንሽ ዝቅ ብላ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም ዳገትና ቁልቁለቷ ይበዛል፤ መሃሏን የሚሰነጥቀውም ከአዲስ አበባ ጅማ የሚወስደው ዋና መንገድ ነው፣ ከባድ መኪናው አያባራም። ከወልቂጤ ከተማ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ወዳለበት ጉብሬ በሳይክል የሚመላለስ ሰው ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በዚህ ዓይነት መንገድ ይነዳል። ረጅም መንገድ፣ ፍጥነትና ቁልቁለት ባለበት የባለአግዳሚው መሪ ጸጥ ይላል፤ ለዳገትም ከኮርቻ ብድግ ብለው ሲረግጡት አካሉ አይላወስም። ጉብሬ ድረስ የሚነዳ ወጣት ባለአግዳሚ ቢገዛ አልቃወመውም።

ኮብልስቶን ለሁለቱም ጠላት ነው። እያንዳንዱ ድንጋይ የፊት ጎማውን ይመታል፣ ምቱ በሹካው አድርጎ መሪው የሚያልፍበት ቱቦ ላይ ይደርሳል። ባለአግዳሚው ላይ ሁለት ብረቶች ይካፈሉታል፤ ዝቅ ያለው ላይ የታችኛው ብቻ፣ ወይም ተቀራርበው የተበየዱ ሁለት ብረቶች። አሮጌ ዝቅ ያለ ሳይክል የሚሰነጠቀው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው መጋጠሚያ ላይ ነው። ጎማን ከሚገባው በላይ መንፋት ምቱን ያባብሰዋልና ለኮብልስቶን ትንሽ ለስለስ አድርጉት።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ባለአግዳሚው ሌላ ሙያ አለው። ቦይ ሲሞላ፣ ጭቃው በፓራፋንጎና በጎማ መካከል ተጠቅጥቆ ጎማ አልዞር ሲል፣ ሳይክል ይሸከማሉ። አግዳሚው ትከሻ ላይ ይቀመጣል። ዝቅ ያለውን ለመሸከም ግን የሚመች መያዣ የለውም፤ ኮርቻውንና መሪውን ይዘው ይጎትቱታል፣ ፔዳሉ ቁርጭምጭሚት ይመታል። ቤታቸው ከአስፋልት ርቆ፣ ጭቃ ተሻግሮ ላለ ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አንድ ሳይክል፣ አንድ ቤት

ለመስቀል ከአዲስ አበባ የሚገባው ወንድም ስጦታው አንዳንድ ጊዜ ሳይክል ነው። ከመርካቶ ተገዝቶ፣ በካርቶን ተጠቅልሎ፣ መኪናው ፖርቶመጋላ ላይ ታስሮ አገር ቤት ይደርሳል። የተመረጠው በአምጪው ቁመትና በአምጪው ዓይን ነው፦ ትልቅ፣ ጥቁር፣ አግዳሚው የሚያብረቀርቅ። በዓሉ ያልፋል፣ ወንድም ይመለሳል፣ ሳይክሉ ይቀራል።

ማን ይነዳዋል? አባትየው በገበያ ቀን ይፈልገዋል፤ ወገቡን ካመመው ግን እግሩን አግዳሚውን አያሻግርም። የ15 ዓመቷ ልጅ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟ ቀሚስ ነው። የ11 ዓመቱ ልጅ ኮርቻው ላይ ቢወጣ እግሩ ፔዳል አይነካም፤ ስለዚህ አንድ እግሩን በአግዳሚው ሥር በሦስት ማዕዘኑ አሾልኮ፣ ሰውነቱን ወደ አንድ ጎን አጣሞ፣ ግማሽ ግማሽ እየረገጠ ይነዳል። ሰፈር ውስጥ በደቂቃ የሚከራይ ሳይክል ነድቶ ያደገ ሁሉ ይህን አነዳድ ያውቀዋል፤ ጎበዝ ሆነው የሚወጡበት አሉ፣ ጥርሳቸውን የሚተዉበትም አሉ። እናትየው ጭራሽ አልታሰበችም፤ ወፍጮ ቤት የምትሄደው ግን እሷ ናት።

ያው ስጦታ ዝቅ ያለ ቢሆን ኖሮ አራቱም ይነዱት ነበር። የኮርቻው ቁመት በአንድ ብሎን ይወርዳል ይወጣል፤ አግዳሚ ግን አይወርድም። ሁለት ሳይክል የመግዛት አቅም ያለው ቤት የፈለገውን ይምረጥ። አንድ ብቻ ለሚችል ቤት፣ ማለትም ለብዙዎቻችን፣ ዝቅ ያለው ይገዛ እላለሁ። ወንድ ልጆች መጀመሪያ ሰሞን «የሴት ነው» ብለው ያኮርፋሉ። ጓደኛ እንዳያይ ማታ ማታ ይነዱታል፤ ቆይተው ቀንም ይወስዱታል፤ በመጨረሻ ከእህታቸው ጋር ይጣሉበታል።

መካከለኛም አለ። ማውንቴን የምንለው ሳይክል አግዳሚው ወደ ኮርቻው ሲሄድ ተዳፍቶ ይወርዳል። ሦስት ማዕዘኑ ስላልፈረሰ ጠንካራ ነው፣ መሃሉም ከተለመደው ባለአግዳሚ ዝቅ ይላል። ለሱሪ ለባሽና ለወጣት ጥሩ ነው። ለረጅም ቀሚስ ግን አይሆንም፤ አብዛኛው የኋላ መጫኛም ሆነ የካቴና ሽፋን ሳይኖረው ይመጣል፣ እነሱን ለብቻ መግዛት ይኖርባችኋል።

ስትገዙ እጃችሁን ተጠቀሙ

ባለአግዳሚ ከሆነ ጫማችሁን አውልቃችሁ ብረቱን በሁለት እግራችሁ መሃል አድርጋችሁ ቁሙ። ሁለቱም እግር ሙሉ በሙሉ መሬት ረግጦ ከብረቱ በላይ ቢያንስ ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከሌለ ሳይክሉ የእናንተ አይደለም። «ሲያድግ ይደርስበታል» የሚለው ለጫማ ያስኬድ ይሆናል፤ ለዚህ አያስኬድም።

ዝቅ ያለ ከሆነ ፈተናው ጥንካሬው ላይ ነው። የፊት ጎማውን በጉልበቶቻችሁ መካከል አጥብቃችሁ ያዙና ኮርቻውን በሁለት እጅ ግራ ቀኝ ጠምዝዙት። ትንሽ መላወስ ያለ ነው፤ መሃሉ በዓይን እስኪታይ ከታጠፈ ተዉት። ቀጥሎ የታችኛውን ብረት በጣታችሁ ከባችሁ አጠገቡ ካለ ባለአግዳሚ ብረት ጋር አወዳድሩ። እኩል ቀጭን ሆኖ ነጠላ ከሆነ ፋብሪካው ቆጥቦባችኋል። ወይ መወፈር፣ ወይ ሁለት መሆን አለበት።

ሻጩ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሴት ነው» ቢላችሁ «አውቃለሁ፣ ቤተሰብ ሊነዳው ነው» በሉት፤ ዋጋውንም ቀንስ በሉት፤ ዝቅ ያለውን ወንድ ስለማይጠይቀው ቆይቶበት ሊሆን ይችላል።

የኮርቻ ቁመት ለሁለቱም አንድ ነው። ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ዝቅ ባለው ፔዳል ላይ ስታደርጉ ጉልበት ቀጥ ይበል፤ በእግራችሁ ፊተኛ ክፍል ስትረግጡ ያኔ በትንሹ ይታጠፋል። አብዛኛው ሰው ኮርቻውን ከዚህ በጣም ዝቅ አድርጎ ይነዳና ጉልበቴን አመመኝ ይላል። ለጀማሪ ግን በመጀመሪያው ወር እግሩ መሬት እንዲደርስ ዝቅ ይበልለት።

አሮጌ ከሆነ፣ ብየዳ

አሮጌ ዝቅ ያለ ሳይክል ስትገዙ መሪው ሥር ያለውን መጋጠሚያ በጨርቅ ጥረጉና ፀሐይ ላይ አዙራችሁ እዩ። እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር፣ በተለይ ከሥሩ ዝገት የሚያለቅስ ከሆነ፣ ጭረት አይደለም፤ ስንጥቅ ነው። አዲስ ቀለም እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ከተቀባ ደግሞ ለምን ተብሎ ይጠየቅ።

ዝቅ ባለው ሳይክል ላይ አግዳሚ አስበይዶ ማጠንከር የሚያምረው ሰው አለ። ቱቦው ስስ ነው፤ ለበርና ለመስኮት ብረት የለመደ በያጅ በአንድ ቅጽበት ይበሳዋል፤ ባይበሳው እንኳ ከብየዳው አጠገብ ያለው ብረት ሙቀት ነክቶት ይደክማል፣ አዲሱ ስንጥቅ የሚነሳውም ከዚያ ነው። ያልተሰነጠቀ ሳይክል አታስበይዱ። የተሰነጠቀውን ማስበየድ ግድ ከሆነ ስንጥቁ ከሚያልቅበት ጫፍ ላይ መጀመሪያ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳ፣ ወደ ፊት እንዳይሄድ፤ ከዚያ ይበየድ፤ ከላዩም ሁለቱን ብረት የሚይዝ የሦስት ማዕዘን ቁራጭ ላሜራ ይደረብበት። ከብየዳው በኋላ በመጀመሪያ ግማሽ ጭነት ጭናችሁ እየገፋችሁ ውሰዱት እንጂ አትንዱት። ከሳምንት በኋላ ያንኑ ቦታ በጨርቅ ጥረጉና ፀሐይ ላይ እንደገና እዩት። መስመሩ ከብየዳው ጎን ዳግመኛ ከወጣ ሁለተኛ ብየዳ የለም፤ ጎማውን፣ መሪውን፣ ፔዳሉንና ኮርቻውን ፈታችሁ ለሌላ ሳይክል አቆዩት፣ ቴላዮውን ለቁራሌው ስጡት።